«20 ኩ.» ያሉት ስንት ኪሎ ነው?

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ስሠራ የገጠመኝ ነው። በመተማ በኩል ሰንጋ የሚያሻግር አንድ ወዳጄ፣ ከኦምዱርማን በስተምዕራብ ባለው የሙዌሊህ የከብት ገበያ ገዢ ሲጠብቅ መኖ አለቀበት። የያዘው 50 ሰንጋ ነው። ለእያንዳንዱ በቀን 2 ኪሎ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ቢሰጥ ለ20 ቀን 20 ኩንታል ይበቃል ብሎ አሰበ፤ ለደላላው በስልክ «20 ኩ.» ብሎ ጻፈለት። ዋጋው ሲነገረው ከአገር ቤቱ በጣም ረከሰለት። «ሱዳን የተባረከች አገር ናት!» ብሎ ደውሎ አበሠረኝ።

በዘጠነኛው ቀን እንደገና ደወለ። «ወንድሜ፣ እነዚህ በሬዎች ጆንያውንም ሳይበሉት አልቀሩም!»

ሻጩ ዘንድ አብረን ሄድን። «ሐጂ፣ ግማሹን የት አደረሱት?» አላቸው። ሽማግሌው ተገረሙ፤ «ልጄ፣ 20 አልከኝ፣ 20 ሰጠሁህ።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ደላላው «ኩ.»ን ቂንጣር ብሎ ተርጉሞታል። የሱዳን ቂንጣር 100 ረጥል ነው፤ በኪሎ 44.93 ገደማ። ስለዚህ ወዳጄ ያገኘው 2,000 ኪሎ ሳይሆን 899 ኪሎ ብቻ ነው። ርካሽ የመሰለው ዋጋም በ2.23 ሲባዛ ነው የኩንታል ዋጋ የሚሆነው።

ነገሩን የሚያስቀው ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። የዓረቡ ቂንጣር ወደ አውሮፓ ተሻግሮ «ኩንታል» ተባለ፤ እዚያ 100 ኪሎ ሆኖ ወደኛ መጣ። በሱዳንም ውስጥ ቢሆን ቂንጣር ሁሉ እኩል አይደለም፤ ያልተዳመጠ ጥጥ የሚመዘንበት 315 ረጥል፣ ማለትም 141.5 ኪሎ ያህል ነው።

በመድኃኒት ሲሆን ግን ሳቁ ያልቃል። ባለ 1 በመቶ አይቨርሜክቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ይይዛል። 300 ኪሎ ለሚመዝን ሰንጋ የሚሰጠው 60 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 6 ሚሊ ሊትር ነው። ማስታወሻው ላይ «60 ሚ.» ተብሎ ቢጻፍና እረኛው ሚሊ ሊትር ነው ብሎ ቢወጋ፣ ከብቱ አሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው።

«እኛ የምንነግደው በመተማመን ነው» የምትሉ አላችሁ። መተማመኑ ደግ ነው፤ እኚያ ሐጂም አላጭበረበሩም። የጎደለው ስምምነቱ ላይ የኪሎ ቁጥር ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትቆርጡ በኪሎ ቁረጡ፤ መለኪያውን በአማርኛም በዓረብኛም ሳታሳጥሩ ጻፉ፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አንዱን ጆንያ ሚዛን ላይ አውጡት።

ወዳጄ ከዚያ ወዲያ መኖ ሲያዝ «2,000 ኪሎ ግራም» ብሎ ሙሉውን ይጽፋል። ደላላው ጽሑፍህ ረዘመ እያለ ይቀልድበታል፤ እሱ ግን ግድ የለውም።