«ከፊት ትራፊክ አለ»

ከጋሸና ወደ ፍላቂት የሚወስደው መንገድ የመቄትን ደጋ ሲያቋርጥ አንዳንድ ቦታ ላይ ከፊት የሚመጣው መኪና ገና ሩቅ ሳለ ይታያል። ያ መኪና በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ ካደረገ፣ በዚህ በኩል ያለው ሹፌር ማብራሪያ አይጠይቅም። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል፣ ቀበቶውን ይስባል። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ «ጎንበስ በሉ!» ይላል። በመተላለፊያው ላይ በዱካና በጄሪካን የተቀመጡት አንገታቸውን ይቀብራሉ፤ አንዷ እናት የልጇን ራስ በነጠላዋ ትሸፍናለች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መኪናው ቀስ ብሎ፣ ሕግ አክባሪ መስሎ በትራፊኩ ፊት ያልፋል።

በሰሜን ወሎ መንገዶች የተመላለሰ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። ብዙዎች የሚያዩትም እንደ ሹፌሮች መረዳዳት ነው። ነገር ግን ያቺ አንድ ብልጭታ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ሠርታለች። የመኪናውን ፍጥነት ቀንሳለች፤ ትርፍ የተጫነውንም ሰው ደብቃለች። የመጀመሪያው ትራፊክ ፖሊሱ ራሱ የሚመኘው ነው፤ ሁለተኛው ግን የሰው ነፍስ ነው። መብራት አብለጭልጮ ማስጠንቀቅ በሕግ ይከልከል ወይስ ይፈቀድ የሚለው ክርክር መፍትሔ የሚያገኘው ሁለቱን ለይቶ በማየት ነው።

መጀመሪያ የሕጉን ነገር እንይ። የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 2 ላይ ግልጽ አጥር አበጅቷል፤ ሕግ ወንጀል ነው ያላለውን ድርጊት ፍርድ ቤት በማመሳሰል ወንጀል ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ «መብራት ማብለጭለጭ ፖሊስን እንደ ማደናቀፍ ነውና ይቀጣ» የሚል ሰው መጀመሪያ አንቀጹን መጥቀስ አለበት። ሊጠቀስ የሚችል አንቀጽም አለ። ያው ሕግ በአንቀጽ 445 ላይ ወንጀል የፈጸመን ሰው በመደበቅ፣ ማስረጃ በማጥፋት ወይም በማስጠንቀቅ ከክስ እንዲያመልጥ የሚረዳን ሰው ይቀጣል። ማስጠንቀቅ የሚለው ቃል እዚያ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አንቀጹ የሚጠይቀው እያወቁ መርዳትን ነው። ከደብረ ዘቢጥ በኩል የሚመጣ ሹፌር ከፊቱ ያለው መኪና በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚበር፣ ውስጡም ስንት ሰው እንደታጨቀ በምን ያውቃል? ሕግ አክብሮ ለሚሄድም ሆነ ለሚበር እኩል ነው ያበራው። እንዲህ ያለውን ሰው ወንጀለኛ ረድቷል ብሎ መክሰስ ሕጉን ከልኩ በላይ መለጠጥ ይሆናል።

በዚህ ጉዳይ ዓለም መከራከር ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዝ ውስጥ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሲቋቋም ዋነኛ ዓላማው አባላቱን ፖሊስ ፍጥነት ለመለካት ካደፈጠባቸው ቦታዎች ማስጠንቀቅ ነበር። የማኅበሩ ሠራተኞች በብስክሌት እየዞሩ ለመኪኖች ምልክት ይሰጡ ነበር። በ1907 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲህ በማስጠንቀቅ የተከሰሱ ሰዎችን በነፃ አሰናበተ፤ ምክንያቱም ማስጠንቀቂያ የደረሳቸው መኪኖች ከተፈቀደው በላይ ይፈጥኑ እንደነበር አልተረጋገጠም። በ1910 ግን በሌላ ጉዳይ መኪኖቹ በእርግጥ ሲበሩ እንደነበር ስለተረጋገጠ አስጠንቃቂው ጥፋተኛ ተባለ። ማኅበሩ ያገኘው መላ የሚደንቅ ነው። ሠራተኞቹ የማኅበሩን ምልክት ለለጠፈ መኪና ሁሉ እጃቸውን አንስተው ሰላምታ እንዲሰጡ አደረገ፤ ሰላምታ ያልተሰጠው አባል ቆሞ ምክንያቱን መጠየቅ እንዳለበትም ተነገረው። ሰላምታ ባለመስጠቱ ሰውን መክሰስ የሚችል ፖሊስ የለም! በ1910 የተሠመረው መስመር እዚያው አገር በ2005 እንደገና ታየ። መኪኖችን በእጁ ምልክት ያስጠነቀቀ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ይግባኝ ብሎ ነፃ ወጣ፤ ያስጠነቀቃቸው ሰዎች ሕግ እየጣሱ ወይም ሊጥሱ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበምና።

አሜሪካ ውስጥ ክርክሩ በሌላ በር ገባ። ሚዙሪ ውስጥ ኤሊስቪል በምትባል ከተማ በኅዳር 2012 እ.ኤ.አ. አንድ አሽከርካሪ መብራት አብለጭልጮ በማስጠንቀቁ ተከሰሰ፤ ቅጣቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊደርስ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የፌዴራሉ ዳኛ ሄንሪ ኦትሪ ከተማዋ በእንዲህ ያለ ምክንያት አሽከርካሪዎችን ማስቆምና መክሰሷን እንድታቆም አዘዙ። የዳኛው ምክንያት ቀላል ነው፤ ብልጭታው የሚያስተላልፈው መልእክት «ፍጥነትህን ቀንስ፣ ሕግ አክብር» የሚል ነው፤ ሰው ሕግ እንዲያከብር መንገርም በሐሳብ ነፃነት የተጠበቀ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሰው ሐሳቡን በመረጠው ማናቸውም የማሰራጫ ዘዴ የመግለጽ መብቱን ይጠብቃል። አንቀጹ ሲጻፍ የመኪና መብራት የታሰበው ሰው ላይኖር ይችላል፤ ቃሉ ግን ሰፊ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ የኦትሪ ሐሳብ እዚህም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። የፖሊስ ሥራ ዓላማው ያ ፍጥነት እንዲቀንስ ከሆነ፣ ከፊት በመጣ መኪና ብልጭታም ይቀንስ በክስ ወረቀት፣ አህያዋን እየነዳች መንገድ ለምታቋርጠው ገበያተኛ ልዩነት የለውም። ከትራፊኩ ራቅ ሲል ሹፌሩ መልሶ ሊበር እንደሚችል የታወቀ ነው። ያ ግን ተቀጥቶ የሚሄደውም ሹፌር የሚያደርገው ነው።

በላስታና በመቄት መብራትን በጅምላ ለመከልከል የማይቻልበት ሌላ፣ ከፍርድ ቤት ክርክር የበለጠ ከባድ ምክንያት አለ። ቻይናውያን በደርግ ዘመን የሠሩት ከወልድያ እስከ ወረታ የሚደርሰው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከድልብ ዳገት እስከ ጨጨሆ ድረስ ገደል ለገደል የሚሄድ ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው አይታይም። ናዳ የዘጋው መታጠፊያ፣ አስፋልት ላይ የተኛ የከብት መንጋ፣ መሀል መንገድ የተበላሸ ሲኖትራክ፣ ይህ ሁሉ ለሹፌር የሚደርሰው ከፊት በሚመጣ ሰው መብራት ነው። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 ዓ.ም መጀመሪያዎቹ ወራት ጋሸና የጦርነት አውድማ በሆነችበት ጊዜ፣ ከዚያ ወዲህም የክልሉ መንገዶች ሰላም ባጡባቸው ጊዜያት፣ «ወደፊት አትሂድ» የሚል ምልክት የስንት ተሳፋሪ ነፍስ እንዳተረፈ የሚያውቁት ሹፌሮች ናቸው። መብራት ያበለጨለጨ ሁሉ ይቀጣ የሚል ደንብ ቢወጣ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ይህ የመንገድ ላይ ወሬ ነው። ትራፊኩ ደግሞ ለናዳ የተሰጠውን ብልጭታ ለእርሱ ከተሰጠው የሚለይበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደዚያች ልጇን በነጠላ ወደሸፈነችው እናት እንመለስ። ፍጥነት በብልጭታ ይቀንሳል፤ ትርፍ ሰው ግን በብልጭታ አይቀንስም፣ ይደበቃል እንጂ። ወይም ከከተማው በፊት ይወርድና በእግሩ ኬላውን አልፎ ማዶ ይሳፈራል። መኪናው ባዶ ወንበር ኖሮት በክብር ይፈተሻል፤ ከአንድ ኪሎ ሜትር በኋላ ያው ሰው፣ ያው ሻንጣ፣ ያው ክብደት ተመልሶ ቁልቁለቱን ይጀምራል። በገና ሰሞን ወደ ላሊበላ የሚጎርፈው ምዕመን ከጋሸና በሚገነጠለው 64 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ታጭቆ ሲሄድ፣ ለሹፌሩ የተሰጠችው ወዳጃዊ ብልጭታ ተሳፋሪውን አልጠቀመችውም።

ትርፍ መጫን ምን እንደሚያስከትል አገሩ ተምሮበታል፣ ትምህርቱ ግን በየጊዜው ይረሳል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሰው ጭኖ ወደ ሠርግ ይሄድ የነበረ አንድ አይሱዙ ወንዝ ውስጥ ገብቶ 71 ሰዎች ሞቱ። አንድ የጭነት መኪና ከ70 ሰው በላይ ይዞ እስከዚያ ወንዝ ሲደርስ በመንገዱ ያየው ሰው አልጠፋም ነበር። ወደ ወሎ ስንመለስም በመጋቢት 2010 ዓ.ም ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ አብዛኞቹ ተማሪዎች የሆኑ 38 ሰዎች አልቀዋል። የወሎ ገደል ለአንዲት ስሕተት እንኳ ምሕረት የለውም። ፍሬን ያልቻለው ክብደት ሲጨመርበት ደግሞ ምን እንደሚሆን ለደገኛ ሰው መንገር አያሻም።

እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 የሚጠየቀው መሪውን የያዘው ሹፌር ነው፤ ግልጽ ደንብ ጥሶ ሰው የገደለ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ጽኑ እስራት ይደርሳል። ከአሥር ኪሎ ሜትር በፊት መብራት አብለጭልጮ ያሳለፈውን ግን የሚጠይቀው የለም። እርሱም ቤቱ ገብቶ ዜናውን ሲሰማ ከራሱ ጋር አያገናኘውም። ሊያገናኘው ይገባል።

የፈረንሳይ መንግሥት የተከተለው መንገድ እዚህ ላይ ሊታይ ይገባዋል። ከኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለሥልጣናቱ የመንገድ መረጃ የሚሰጡ የስልክ መተግበሪያዎች ፖሊስ የቆመበትን ቦታ ለተወሰነ ሰዓት እንዳያሳዩ ማዘዝ ይችላሉ። ለመጠጥና ለዕፅ ፍተሻ እስከ 2 ሰዓት፣ ለሽብር ወይም ለተጠለፈ ሰው ፍለጋ እስከ 12 ሰዓት ነው። የፍጥነት ቁጥጥርን ግን አልጨመሩበትም። ቀድሞ በመነገሩ ሰው የሚታረምበትንና ቀድሞ በመነገሩ ጥፋት የሚሸሸግበትን ለይተዋል ማለት ነው። ኢትዮጵያም ደንብ ታውጣ ከተባለ መነሻዋ ይህ ልዩነት መሆን አለበት።

እስከዚያው ግን አዲስ ደንብ የማይጠይቅ ብዙ ሥራ አለ። ትርፍ የሚጫነው መናኸሪያ በር ላይና ከመናኸሪያው ወጣ ብሎ ነው፤ እዚያው ቢቆጠር ከፍላቂት መግቢያ ላይ ማድፈጥ አያስፈልግም። ኬላው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ መብራት የሚያበራ ባይኖር እንኳ ሹፌሩ በቃሉ ያውቀዋል። አንዳንድ ቀን ሁለተኛ ትራፊክ ከከተማው ማዶ፣ ተሳፋሪዎቹ ተመልሰው የሚሳፈሩበት ቦታ ላይ ቢቆም የ«ጎንበስ በሉ» ነገር በአንድ ወር ውስጥ ዋጋ ያጣል። ፍጥነት ለመቀነስ ከሆነ ደግሞ ትራፊኩ ከዛፍ ጀርባ ሳይሆን ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከሩቅ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ያን ጊዜ የሚያበሩለት ሹፌሮች ሁሉ ሥራውን ያግዙታል።

ሹፌሮች ትራፊክን እንደ ሕይወት ጠባቂ ሳይሆን እንደ ኪስ አራቋች የሚያዩበት ምክንያት እንዳለም አይካድም። በየኬላው ያለ ደረሰኝ ተጠየቅን የሚለው እሮሮ ያረጀ ነው። ብልጭታው ከዚህ ቂም የሚመነጭበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቅጣት ሁሉ በደረሰኝ ሲሆን ቂሙም ይቀንሳል። ነገር ግን በትራፊኩ ላይ ያለው ቂም የሚወራረደው መተላለፊያው ላይ ዱካ ይዛ በተቀመጠችው ተሳፋሪ ላይ መሆን የለበትም። የትራንስፖርት ማኅበራት ይህን ለአባሎቻቸው በግልጽ ሊነግሩ ይችላሉ። ለጉም፣ ለናዳ፣ ለከብት፣ ለፍጥነት አብሩ፤ ትርፍ ለጫነና ጠጥቶ ለሚነዳ አታብሩ። ከሩቅ የሚመጣው መኪና ምን እንደጫነ አይታወቅም የሚል መልስ ይመጣል። ከሩቅ እውነት ነው፤ ከወልድያ መናኸሪያ አብረው የተነሱ ሹፌሮች ግን ማን ስንት ሰው ጭኖ እንደወጣ ያውቃሉ። በስልክ «ፍላቂት ላይ ቆሟል» ብለው የሚደዋወሉትም እነርሱው ናቸው።

ፍላቂት ላይ ፍተሻው ካለቀ በኋላ ከከተማው ማዶ መንገድ ዳር አምስት ስድስት ሰው ይታያል። አንዱ ከረጢት ተሸክሟል፤ አንዷ ልጅ አዝላለች። መኪናው መጥቶ ይቆማል፣ ረዳቱ ዱካዎቹን እንደገና ይዘረጋል። ከዚህ በኋላ ያለው ደብረ ዘቢጥ፣ ከዚያም የጨጨሆ ገደል ነው።