በቀያሽ ገመድ የተወሰደ አገር

ስለ አየርላንድ ሲጻፍ እስከ ዛሬ የማይሞት አንድ ተረት አለ፤ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ከብት ከመከተል በቀር ሙያ ያልነበረውን ሕዝብ እርሻና ገበያ አስተማሩት የሚል። ባለቅኔው ኤድመንድ ስፔንሰር በመንስተር ከዐማፅያን በተወረሰ መሬት ላይ ተቀምጦ ይህን መሰል ነገር ጽፏል፤ አገሩን በረሃብ ማንበርከክንም መክሯል። ተረቱ የት ተቀምጦ እንደተወራ ልብ ይሏል! አየርላንዳዊው ግን ከዚያ አስቀድሞም አጃ ይዘራ፣ ቆዳና ዓሣ ለስፔን ነጋዴ ይሸጥ ነበር።

ንጥቂያው የተካሄደው በሰይፍ ብቻ አይደለም። በብዙው የጌሊኮች አገር መሬት ዘመዳሞች የሚካፈሉት ርስት እንጂ የአንድ ሰው ሸቀጥ አልነበረም። በ1606 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የንጉሡ ዳኞች ይህን የመካፈል ልማድ ሕግ አይደለም ብለው ሻሩት። በዓመቱ የአልስተር መኳንንት ባሕር ተሻግረው ኮበለሉ። በእነርሱ ጥፋት ያልኮበለለውም ገበሬ ተነቀለ፤ «የእኔ ነው» የሚልበት ሕግ አስቀድሞ ተወስዶበታልና። የዴሪ ከተማ ለለንደን የነጋዴ ማኅበራት ተሰጠች፤ በ1613ም ስሟ ሳይቀር ለንደንዴሪ ተባለ።

ከክሮምዌል ጦርነት በኋላ ደግሞ ቀያሹ መጣ። ሐኪሙ ዊልያም ፔቲ የተወረሰውን መሬት ለክቶ በካርታ አሰፈረ። ደመወዙ በመሬት የታሰበለት ተራ ወታደር ወረቀቱን ለመኮንኖች በርካሽ ሸጠ። ፔቲ ራሱስ? በኬሪ ሰፊ መሬት ያዘ። በ1641 ከአገሩ መሬት ከግማሽ በላይ የካቶሊኮች ነበር፤ በ1703 ከመቶ 14 ያህል ቀረ። እንግዲህ «ልማት» የሚሉት ይህን ነው።

ገበያውንስ በእውነት አስተማሩ? የአየርላንድ ከብት በእንግሊዝ ገበያ በደንብ ሲሸጥ የእንግሊዝ ባለርስቶች ጮኹ፤ ፓርላማቸውም በ1663 ገደበው፣ በ1667 ፈጽሞ ከለከለው። በ1699 ደግሞ የሱፍ ጨርቁ ወደ ውጭ እንዳይላክ ተደረገ። (በዚህኛው ክፉኛ የተጎዱት ሰፋሪዎቹ ራሳቸው መሆናቸው ያስገርማል።)

በሕይወት መሻገር የተከለከለው ከብት ታርዶ፣ በጨው ታሽቶ፣ በበርሜል ከኮርክ ወደብ ተጫነ። የካሪቢያንን የሸንኮራ እርሻዎች መገበ። ከብቱን ያረባው ጭሰኛ ግን ሥጋውንም ቅቤውንም ለኪራይ ገብሮ፣ ድንች ይበላ ጀመር።