ካፒታል ሌተር ለማን ይገባል?

በእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የለም። «አበበ መጣ» እና «ዛፉ አበበ» ስንል የሰውን ስም ከግሱ የምንለየው በዐረፍተ ነገሩ አካሄድ እንጂ በፊደሉ ቁመት አይደለም። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ግን በየቃሉ መነሻ ላይ መወሰን አለበት። በትምህርት ቤት ይህ ውሳኔ እንደ ዝርዝር ይሸመደዳል፦ የሰው ስም፣ የአገር ስም፣ የወራትና የቀናት ስም፣ ዜግነትን የሚገልጹ ቃላት በካፒታል ይጀምራሉ። ዝርዝሩ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን አይናገርም። ካፒታል ሌተር አንድ ነገር የራሱ መጠሪያ አለው ብሎ መመስከር ነው። ምስክርነቱ ስለ ሕዝብ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከሰዋስው አልፎ የእውቅና ጥያቄ ይሆናል።

ሕጉ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ታሪኩ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1787 የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ተራ ስሞችን ሳይቀር በካፒታል ይጀምራል፤ ልማዱ በእንግሊዝኛ እየቀረ ሲሄድ በጀርመንኛ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል። ፈረንሳይኛ ፈረንሳዊውን ሰው በካፒታል፣ ቋንቋውንና ቅጽሉን በስሞል ሌተር ይጽፋል፤ ስፓኒሽ ሰውየውንም ጭምር በስሞል ይጽፋል። እንግሊዝኛ ሰውን፣ ቋንቋንና ቅጽልን ሳይለይ ለሁሉም ካፒታል ይሰጣል፤ «ኬንያን» (ኬንያዊ) የሚለው ቃል ስለ መምህር ሲነገርም ስለ ቡና ሲነገርም የአገሩን ስም እንደያዘ ነውና። ያ ትስስር ሲላላ ፊደሉም ዝቅ ይላል። «ቻይና» የሸክላ ዕቃ ሲሆን በስሞል ይጻፋል፤ የዜና ወኪሉ አሶሺየትድ ፕሬስም «ፍሬንች ፍራይስ» በሚባለው የድንች ጥብስ ስም ላይ የአገሩን ካፒታል አንስቷል። ይኸው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 «ኢንተርኔት»ን ከተጸውዖ ስም ወደ ተራ ስም አውርዶታል።

ድንች ላይ ሲሆን ይህ ሁሉ የአርታኢዎች ወግ ነው። በሰው ላይ ሲሆን ግን ይከብዳል። የ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአሜሪካ ጋዜጦች አይሪሹን፣ ጣሊያኑንና ቻይናዊውን በካፒታል ሲጽፉ፣ በዘመኑ ለጥቁር አሜሪካውያን ይውል የነበረውን «ኒግሮ»ን ብዙዎቹ በስሞል ይጽፉት ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ በ1899 ባሳተሙት የፊላደልፊያ ጥናት ቃሉን በካፒታል ጻፉ፤ ስምንት ሚሊዮን አሜሪካውያን ይህ ፊደል ይገባቸዋል ሲሉም ተከራከሩ። ኒው ዮርክ ታይምስ አሠራሩን የቀየረው ከብዙ ውትወታ በኋላ፣ በ1930 ነው።

«ፊደል ትልቅ ቢሆን ባይሆን ማንን ጠቀመ? ስፓኒሽ ሁሉንም ሕዝብ በስሞል ሲጽፍ ማን ተናደደ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው መልሱን ይዟል። ስፓኒሽ ማንንም ስለማይለይ ስሞል ሌተሩ ስድብ ሊሆን አይችልም። የእንግሊዝኛው በደል ፊደሉ ማነሱ ሳይሆን፣ ለሌላው ሁሉ የሚሠራው ሕግ ለአንድ ሕዝብ ብቻ መታጠፉ ነበር። ካፒታል ሌተር ዳቦ እንደማይሆን እውነት ነው፤ አድልዎው ግን በየቀኑ ታትሞ የሚነበብ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ሙግት እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣው ነው። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ከተገደለ በኋላ አሶሺየትድ ፕሬስና ኒው ዮርክ ታይምስ «ብላክ»ን (ጥቁር) በካፒታል መጻፍ ጀመሩ፤ «ዋይት» (ነጭ) ግን በስሞል ቀረ። ዋሽንግተን ፖስት ለሁለቱም ካፒታል ሰጠ። «ቀለም የሕዝብ ስም አይደለም» የሚሉ ተቃዋሚዎች መነሻ አላቸው፤ ነገር ግን የአያቶቻቸው የትውልድ አገር በባርነት ለጠፋባቸው ሰዎች ቃሉ የሚያገለግለው እንደ ቀለም ሳይሆን የጋራ ታሪክ መጠሪያ ሆኖ ነው። ትላልቆቹ ጋዜጦች ስለ «ዋይት» አለመስማማታቸውም የሚያሳየው ጥያቄው የሰዋስው አለመሆኑን ነው፤ የሰዋስው ቢሆን ኖሮ መጽሐፍ ገልጦ መጨረስ ይቻል ነበር።

ስለዚህ ለተማሪ ከዝርዝሩ ይልቅ ጥያቄውን ማስተማር ይሻላል፦ ይህ ቃል የማን መጠሪያ ነው? የአገሮችን ዝርዝር ብቻ የሸመደደ ልጅ ኦሮሞን፣ ሲዳማን ወይም ጉራጌን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ይቸገራል፤ በዝርዝሩ ውስጥ አያገኛቸውምና። ጥያቄውን የያዘ ግን ማንንም ሳይጠይቅ በካፒታል ይጀምራቸዋል።