ዕውቀት ተሰደደ እንጂ አልሞተም



ሐኪም ከአገሩ ሲሰደድ ዕውቀቱን ድንበር ላይ ጥሎ አይሻገርም። የምስክር ወረቀቱን ግን ጥሎ ሊሻገር ይችላል። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ዲፕሎማውን በብብቱ ይዞ እንዲሸሽ መጠበቅ ከፍርድ የራቀ ነገር ነው። እኛ ከተፍኪና ከሰበታ ወደ ዩኒቨርሲቲው የመጣን ተማሪዎች ይህን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ አልተቻለንም።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በሱዳን ጦርነት ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሺሕ ሰዎች በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። ካርቱም ሐኪም ማስተማር የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሆን፣ የጎንደሩ የጤና ኮሌጅ የተከፈተው ከዚያ 30 ዓመት ቆይቶ ነው። እንዲህ ካለ አገር በተሰደደ ሕዝብ መካከል ሐኪምና ነርስ አይገኝም የሚል ማን ነው?

ሕጉስ ምን ይላል? የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 19 ዲፕሎማቸው የታወቀላቸው ስደተኞች በሙያቸው እንዲሠሩ በተቻለ መጠን በጎ አያያዝ ይደረግላቸው ይላል። ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1969 ተቀብላለች። አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም የትምህርት ማስረጃው ሥልጣን ባለው አካል የተረጋገጠለት ስደተኛ ለውጭ አገር ሰዎች በተፈቀደው የሥራ መስክ ከሁሉ የተሻለው አያያዝ ሊሰጠው እንደሚችል ደንግጓል። እንግዲህ ጭንቁ ያለው «የተረጋገጠ» በምትለው ቃል ላይ ነው። መዝገቡ የተቀመጠበት ከተማ የጦር ሜዳ ሆኖ ሲሰነብት፣ ደብዳቤውን ማን ተቀብሎ ማን መልስ ይጽፋል? በሩን ከፍቶ ደረጃውን ማፍረስ ማለት ይህ ነው።

«የራሳችን ወጣት ሐኪሞች ተመርቀው ሥራ አጥተው ሳለ ስለ ባዕድ ማሰብ ምን ይባላል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጉዳይ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን እናውቃለን። ዳሩ ግን የኛ ሐኪም ሥራ ያጣው በሽተኛ ጠፍቶ ነውን? የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ያስፈልጋሉ ብሎ መለኪያ አውጥቷል፤ አገራችን ከዚህ እጅግ ርቃ ትገኛለች። የጠፋው የመቅጠሪያ በጀት ነው። በጀቱን ከሚመድበው ጋር መሟገት የሚገባው ሰው ከስደተኛው ጋር ቢጣላ፣ ጅቡን ትቶ ከውሻው ጋር እንደሚታገል እረኛ ይሆናል። ደግሞስ በስደተኛ መጠለያ የተኛውን ሱዳናዊ በአረብኛ የምታነጋግር ነርስ የማንን እንጀራ ትወስዳለች?

ሌሎች ደግሞ «የበሽተኛው ደኅንነትስ?» ይላሉ። በዚህ እንስማማለን። ፈተናው ይቅር አላልንም፤ ፈተናው ይጥበቅ፣ ወደ ፈተናው የሚወስደው መንገድ ግን ይከፈት ነው የምንለው።

ይህ ስሕተት የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1938 ኦስትሪያ በናዚዎች እጅ ስትወድቅ፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበር ከዚያ ለሚሸሹት ሐኪሞች የፈቀደው ቁጥር 50 ብቻ ነበር። ጦርነቱ በርትቶ ሐኪም ሲያጥራት ግን እንግሊዝ በ1941 ጊዜያዊ ምዝገባን ፈቀደች። ፍርድ ያላስተማራትን ችግር አስተማራት።

ከዚህ ይበልጥ እኛን የሚነካ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በምዕራብ ኢትዮጵያ ከነበሩት መጠለያዎች በመቶ የሚቈጠሩ የደቡብ ሱዳን ልጆች ለትምህርት ወደ ኩባ ተላኩ። ከነሱ ሐኪም የሆኑ ጥቂቶች በኋላ ካናዳ ገቡ፤ ፈቃድ ስላላገኙ በሌላ ሥራ እንጀራቸውን ይለምኑ ጀመር። ኋላ ግን የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ባሉበት የማደሻ ትምህርት ዕውቀታቸውን አድሰው፣ ወደ ደቡብ ሱዳን ተመልሰው ወገናቸውን አከሙ። የካናዳ መምህር ያደረገውን የኛ መምህር ምን ያግደዋል?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያስተማረው ትምህርት ቤት በጦርነት ምክንያት መልስ መስጠት ባልቻለ ጊዜ፣ የባለሙያው ዕውቀት በቃልና በተግባር ፈተና ይመርመር። ሁለተኛ፣ ፈቃዱን እስኪያገኝ ድረስ ፈቃድ ባለው ሐኪም ሥር ሆኖ እንዲለማመድ ይደረግ፤ ይህም በዋና ከተማው ብቻ ሳይወሰን፣ በክረምት አዋሽ ሞልቶ የበቾን ሜዳ ሲያጥለቀልቅ በሽተኛው የሚበዛባቸውን እንደ ተፍኪ ያሉትን የጅማ መንገድ ከተሞች ይጨምር።

ሦስተኛው የራሳችን ድርሻ ነው። የተፍኪ እናት ሕመሟን የምትናገረው በኦሮምኛ ነው፤ የአዲስ አበባዋ በአማርኛ። እነዚህን ቋንቋዎች ለማስተማር ሚኒስትር መሆን አያሻም። ማኅበራችን በሳምንት ሁለት ማታ የቋንቋ ትምህርት ይክፈት፤ የሕክምና ተማሪዎች መጽሐፋቸውን ያውሱ፤ መምህራን ለፈተና የሚዘጋጁትን ስደተኞች በክፍላቸው ጥግ ተቀምጠው እንዲሰሙ ይፍቀዱ።

ከአገራችን ተሰደው በባዕድ አገር ሙያቸውን የተነጠቁ ሐኪሞቻችንን ስናስብ እናዝናለን። ለነሱ የምንመኘውን ፍርድ በደጃችን ላለው ስደተኛ ከነሣነው ኀዘናችን የአፍ ነው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላልና፣ የሚቀጥለው የማኅበሩ ጉባኤ ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ላይ ያስፍር።