ከወዳጅ ካሳ መቀበል ነውር አይደለም

ሰሞኑን ከአንድ የልብ ወዳጄ ካሳ ተቀበልኩ። ወሬው ቤተሰብ ጋ ሲደርስ እህቴ ደወለችና «አንተ! ከጓደኛ ካሳ ይበላል እንዴ? ነውር አይደለም?» ብላ ወረደችብኝ። አይደለም ባይ ነኝ። ስንትና ስንት ወዳጅነት ሲቀዘቅዝ ያየሁት ካሳ በመጠየቁ ሳይሆን ነገሩ «ኧረ ምንም አይደል» ተብሎ በመታለፉ ነው።

ከአባቴ የወረስኳቸው ጥቂት ሸክላዎች አሉኝ። ከሁሉም የምሳሳላት በሁለቱ ገጾቿ አንዳንድ ዘፈን ብቻ የያዘች የአምሃ ሪከርድስ ትንሽ ሸክላ ናት። አምሃ እሸቴ ሸክላ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በጊዜው ይህ መብት በመንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለነበር ድፍረት የሚጠይቅ ሥራ ነበር። አባቴ መሀሏ ላይ ባለው ክብ ወረቀት በሰማያዊ ቀለም ስሙን ጽፎባታል፤ ለሰርግና ለግብዣ ሲያውሳት ከሌላ ሰው ሸክላ ጋር እንዳትለዋወጥበት።

ወዳጄ ቤቴ መጥቶ ቡና እየጠጣን ሳለ ያቺን ሸክላ አስቀመጠ። ዘፈኑ ሲሞቅ ትከሻውን እየሰበቀ ወደኋላ ሲል ክርኑ ማጫወቻውን ገጨው። መርፌው ከዳር እስከ መሀል ጭርር ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሸክላዋ ዞራ ጭረቱ ጋ በደረሰች ቁጥር «ቀጭ» ትላለች። በደቂቃ 45 ጊዜ ስለምትዞር 45 ጊዜ «ቀጭ» ነው። አንድ ቦታ ላይማ ድምፃዊው ያንኑ ስንኝ እየደጋገመ እዚያው ይቀራል።

ዘፈኑስ አልጠፋም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ አልበም የዚያ ዘመን ሥራዎች በብዛት እንደገና ታትመዋል፤ ይህም ዘፈን ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይጫወታል። የተጎዳችው የአባቴ እጅ የነካት፣ ስሙ የተጻፈባት ሸክላ ናት። እሷን ደግሞ ከየትም ሱቅ አላገኛትም።

ለእንዲህ ያለው ጊዜ ደግ ወግ አለን። ብርጭቆ ሲሰበር «ክፉውን ይዞ ይሂድ» እንላለን፤ ጀበና ሲወድቅ «ከሰው በዕቃ ያድርገው» ብለን የደነገጠውን እንግዳ እናረጋጋለን። ለመጀመሪያዋ ደቂቃ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚያች ደቂቃ በኋላ ሌላ ነገር ሳይነገር ሲቀር ነው። ባለዕቃው በአፉ «ምንም አይደል» ቢልም ሆዱ ይቆጥራል። ማኅበር ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «እሱ እኮ ያቺን ሸክላዬን…» እያለ ያነሳታል። የሰበረውም ልካስ ሲል «ተው፣ አንተ ደግሞ» ስለተባለ ዕዳውን እንደተሸከመ ይቀራል። በዚያ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ይሸማቀቃል፤ ሲጠራ ሰበብ ያበዛል።

የሽምግልና ሥርዓታችን ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ነፍስ በጠፋበት ነገር እንኳ ካሳ ይቆረጣል፤ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ አለ። የሟችን ዋጋ የሚመልስ ከብትም ሆነ ገንዘብ እንደሌለ ሽማግሌዎቹም ቤተሰቡም ያውቃሉ። ካሳው የሚሰጠው ነገሩ እንዲዘጋ ነው። በዳይ ጥፋቱን አምኖ ከእጁ አንድ ነገር ያወጣል፣ ተበዳይ ይቀበላል፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚቀሰቅስ ሰው ነውረኛ ይባላል። ደም ያስታረቀ ሥርዓት ለአንዲት ሸክላ የሚያንስበት ምክንያት አይታየኝም።

ሕጉንም እንይ ካልን፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው እንዲክስ ያዛል። የሕሊና ጉዳት ጋ ሲደርስ ግን እጁ ያጥራል። አንቀጽ 2116 የሕሊና ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ1952 ያ ገንዘብ ክብደት ነበረው፤ ዛሬ ለአንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛ አይበቃም። የአባትን መታሰቢያ ልክ ዳኛ ሊተምነው አይችልም። የሚያውቁት ሁለቱ ወዳጆች ናቸው፤ ስለዚህ መነጋገር ያለባቸውም እነሱው ናቸው።

ወዳጄ በሳምንቱ «ምን ላድርግ?» ብሎ መጣ። «አባቴ የተወልኝ ስለሆነች አዝኛለሁ። አንተ ግን ሆን ብለህ እንዳላደረግከው አውቃለሁ» አልኩት። ተመሳሳይዋን ፍለጋ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችን ሲያስስ ሰንብቶ አጣ። በመጨረሻ ለማጫወቻዬ አዲስ መርፌ ገዝቶ መጣ፤ ያረጀው መርፌ የቀሩትንም ሸክላዎች እየበላብኝ ነበርና። አመስግኜ ተቀበልኩት። መርፌውን ከገጠምን በኋላም የመጀመሪያውን ሸክላ እንዲያስቀምጥ የሰጠሁት ለሱ ነው።

ካሳ ግን ልክ አለው። የቤት ኪራይ ከሚያንገዳግደው ሰው የተሰበረ ስልክ ሙሉ ዋጋ መጠየቅ ቅጣት ነው። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን፣ ጊዜውን ይስጥ፤ ዕቃውን ይዞ ጥገና ቤት መመላለስም ካሳ ነው። ሰብሮ የደበቀ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። የተሰነጠቀውን ዕቃ ስንጥቁን ወደ ግድግዳ አዙሮ መደርደሪያው ላይ የመለሰ ሰው ያጎደለው እምነት ስለሆነ ገንዘብ አይመልሰውም። ባለዕቃውም ድርሻ አለበት፤ የሚሳሳለትን ነገር ሰው እጅ ላይ ሲያኖር «ይቺ የእናቴ ናት፣ አደራ» ማለት አያሳፍርም። ሰው ያልተነገረውን አደራ እንዴት ይጠብቃል?

እናም አንባቢዬ፣ ወዳጅህ ዕቃህን ሰብሮ «ልካስህ» ሲልህ እጁን አትመልስበት። አቅሙ የፈቀደውን ተቀበለው፤ ከተቀበልክ በኋላ ደግሞ ነገሩን ለማንም አታንሳ። እኔም ይህን የጻፍኩት ወዳጄን አስፈቅጄ ነው።