መሣሪያው ዝም ቢልስ?

ስለ ኬሚካል ጦር መሣሪያ ሲነሳ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን በአያቶቻችን ላይ የረጨው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። እንደ ፌንታኒል ያሉ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይዶችን ግን የምናውቃቸው በሕመም ማስታገሻነት ስለሆነ ከዚህ ተርታ አናስገባቸውም። በእኔ አስተያየት ወታደሩን ይበልጥ ሊያሰጋው የሚገባው ይሄኛው ነው፤ መኖሩን ማወቅ ይከብዳልና።

የሞስኮውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2002 የቼቼን ታጣቂዎች በዱብሮቭካ ቲያትር ከ800 በላይ ሰዎችን አገቱ። የሩሲያ ልዩ ኃይል ኬሚካል ወደ አዳራሹ ለቀቀ፤ አጋቹም ታጋቹም ራሱን ሳተ። ወደ 130 የሚጠጉ ታጋቾች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው ጥይት ሳይሆን ኬሚካሉ ነው። ሐኪሞቹ ግን ምንነቱ በጊዜው አልተነገራቸውም። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የተራፊዎችን ልብስና ሽንት መርምረው ካርፌንታኒልና ሬሚፌንታኒል ማግኘታቸውን ያሳተሙት በ2012 ነው። አሥር ዓመት! ትንፋሹ የቆመ ሰው አሥር ደቂቃም አይጠብቅም።

ችግሩ ምንድን ነው? እነዚህ ነገሮች ጠጣር ናቸው፤ በቀላሉ አይተኑም። አየር ላይ የሚንሳፈፉት እንደ ደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም እንደ ኤሮሶል ሆነው ነው። የሳሪንን ዓይነት ተን ለመለየት የተሠራ መሣሪያ ብናኙን ሰብስቦ ካላሞቀው ዝም ሊል ይችላል።

«እንግዲያው የተሻለ መሣሪያ ይገዛ» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ ግን መሣሪያ ብቻውን ምን ዋጋ አለው? በሳሪንም በኦፒዮይድም የዓይን ብሌን ይጠብባል። በሳሪን የተመታ ሰው ምራቁና ንፍጡ ይዝረከረካል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። በኦፒዮይድ የተመታው ግን እንቅልፍ እንደወሰደው ሆኖ ትንፋሹ ይዘገያል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል። የመጀመሪያው ማርከሻ አትሮፒን፣ የሁለተኛው ናሎክሶን ነው። ይህን ልዩነት ያልተማረ ወታደር አትሮፒኑን ወግቶ ጓደኛውን ቆሞ ያያል።

በ2021 የኬሚካል ጦር መሣሪያ ስምምነት አባል አገሮች እንዲህ ያሉትን አደንዛዥ ኬሚካሎች በኤሮሶል መልክ ለሕግ ማስከበር መጠቀም ከስምምነቱ ጋር እንደማይጣጣም በድምፅ ወስነዋል። ጥሩ ውሳኔ ነው። ነገር ግን ምንነቱ ባልታወቀ ኬሚካል ማን ይጠየቃል? ማስረጃው የሚገኘው ከላቦራቶሪ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የጦር ሠራዊት ብቻ ሳይሆን የኛም የኬሚስትሪ ተማሪዎች ነው። በአናሊቲካል ኬሚስትሪ ኮርሳችን ብናኝን ከአየር ሰብስቦ የመለየት አንድ የላብ ሥራ ቢጨመርልን ምን ይመስላችኋል? መምህራኖቻችን ቢያስቡበት ደስ ይለናል።