ባሕር የሌለን ሰዎች የትኛውን ዳርቻ እንምረጥ?

ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የምጽዋ ዳርቻ ከምርጫችን ተሰረዘ። ዛሬ ከአቃቂ ቃሊቲ «ውሃ ዳር እንዝናና» ያለ ቤተሰብ ቢሾፍቱ ይወርዳል፤ ገንዘብ ያለው ላንጋኖ ይዘልቃል። ብዙውን ዳርቻ ሪዞርት ስለያዘው መራጩ ኪስ ነው።

ለእኛ ቅርባችን አባ ሳሙኤል ሐይቅ ነበር። የኃይል ማመንጫው በ2009 ዓ.ም. ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተደርጓል። ውሃው ግን ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚያወርዱትን የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ተሸክሞ፣ እንቦጭ ለብሶ ተኝቷል። ልጅህን «ግባና ዋኝ» የምትልበት አይደለም።

ተርባይን ያደሰ አገር ውሃውንስ ለምን ይተዋል? የአዲስ አበባ ወንዝ ዳር ልማት መመዘን ያለበት ላይኛው ከተማ ላይ በተነጠፈው ድንጋይና በተተከለው መብራት ሳይሆን፣ ወንዙ በሚያርፍበት በአባ ሳሙኤል ነው።